ገጹ አልቆ የመጫን ምልክቱ ለምን አይቆምም? ከተደበቁ አይፍሬሞች ጋር ያሳለፍኩት

«ሲስተሙ ሰሞኑን በጣም ይንቀራፈፋል» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዳታቤዙን ነው። ኩዌሪዎቹን አየሁ፣ ኢንዴክስ ጨመርኩ፣ የሰርቨሩን ሎግ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ከአንድ ሰከንድ በላይ የወሰደ ገጽ አላገኘሁም። ቅሬታው ግን ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን ተነስቼ ፕሮግራሙን ቀኑን ሙሉ የሚጠቀሙት ሰዎች ጋ ሄድኩና ከአንዲት ሴት ወንበር ጀርባ ቆምኩ።

ሥራቸው ደረሰኝ ማተም ነው። በዕድሜ እናቴን ያክላሉ። አንድ ደረሰኝ አተሙ፣ ወረቀቱ ወጣ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ስክሪኑን ዝም ብለው ያዩ ጀመር።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«ገና አልጨረሰም እኮ ልጄ» አሉኝና በጣታቸው ታቡን አሳዩኝ።

የሚጠቀሙት ፋየርፎክስ ነው። ታቡ ላይ ትንሽዬ ነጥብ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ትመላለሳለች። ገጹን እንደገና የሚጭነው ቁልፍም ወደ «ኤክስ» ተቀይሯል። ብራውዘሩ «እየጫንኩ ነው» እያለ ነው ማለት ነው። ገጹ ላይ ግን የጎደለ ነገር የለም። ጽሑፉ አለ፣ ቁልፎቹ ይሠራሉ። ሴትየዋ «እየጫነ ሳለ አትንኩት» ተብለው ስለነበር ይጠብቃሉ። አልቆም ሲላቸው አንዳንዴ ገጹን እንደ አዲስ ይከፍቱታል። ያኔ የመረጡት ቀን ይጠፋል፣ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ይፈልጋሉ። በአንድ ደረሰኝ አንድ ደቂቃ ቢባክን ቀኑን ሙሉ ስንት እንደሚሆን አስቡት።

እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ በክሮም ስሞክር ይህንን አንድም ቀን አላየሁም። በክሮም ካተምኩ በኋላ ምንም አይሽከረከርም ነበር። ሁለት ቀን ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የትኛው ብራውዘር?» ብላችሁ ይሁን። የመጫን ምልክትን በተመለከተ ብራውዘሮች አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም።

ምልክቱ ምን ሲሆን እንደሚበራ ማወቅ ግማሹን መንገድ ያሳጥራል። ብዙዎቻችን «ኔትወርክ ላይ የሚሄድ ነገር ሲኖር ይበራል» ብለን እናስባለን። አይደለም። በፌች ወይም በኤክስ ኤም ኤል ኤች ቲ ቲ ፒ ሪኩዌስት፣ ማለትም ገጹ ሳይታደስ ከጀርባ በጃቫስክሪፕት የምንልከው ጥያቄ ምልክቱን አያበራውም። ዌብሶኬትም (ከሰርቨሩ ጋር ክፍት ሆኖ የሚቆይ የመልእክት መስመር) ለሰዓታት ክፍት ሆኖ ቢውል ታቡ ላይ ምንም አይታይም። ምልክቱ የሚከታተለው ዶክዩመንትን ነው። ዋናው ገጽ አንድ ዶክዩመንት ነው። በውስጡ ያለ እያንዳንዱ አይፍሬም (በገጽ ውስጥ ሌላ ገጽ የሚይዝ ሳጥን፣ ባጭሩ ፍሬም) ደግሞ የራሱ ዶክዩመንት አለው። አይፍሬሙ ስፋቱ ዜሮ ቢሆን፣ ከስክሪኑ ውጪ ቢገፋ፣ ወይም ጭራሽ እንዳይታይ ቢደረግ ለብራውዘሩ ያው ነው። ከዶክዩመንቶቹ አንዱ «አልጨረስኩም» ካለ ታቡም አልጨረሰም።

ስለዚህ ያ ምልክት ሲያስቸግራችሁ «የትኛው ጥያቄ ዘገየ?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛው ፍሬም አልጨረሰም?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስጠይቅ ነበር።

ሴትየዋ ኮምፒውተር ላይ ፈቃድ ጠይቄ የዴቨሎፐር ቱልሱን፣ ማለትም የብራውዘሩን የውስጥ ሥራ የሚያሳየውን መሣሪያ ከፈትኩ። ኔትወርክ የሚለው ክፍል ባዶ ነው። የሚጠበቅ ጥያቄ የለም። ምልክቱ ግን ይመላለሳል። አለመዋሸቱን አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ብራውዘሩ ራሱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ኮንሶሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት ክፍል) ላይ «ዊንዶው ዶት ሌንግዝ» ብዬ ጻፍኩ። ይቺ አጭር ቃል በገጹ ውስጥ ስንት ፍሬም እንዳለ ትናገራለች። እኔ የማውቀው ገጽ አንድም ፍሬም የለውም። 17 አለኝ። ሴትየዋን «ዛሬ ስንት ደረሰኝ አተሙ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ገጹን መጨረሻ እንደ አዲስ ከከፈቱት ወዲህ ያተሙትን ቆጠርን። አሥራ ሰባት።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የማተሚያውን ኮድ የጻፍኩት እኔው ነኝ። «አትም» የሚለው ሲነካ ኮዱ የተደበቀ አይፍሬም ይፈጥራል፣ የደረሰኙን ኤች ቲ ኤም ኤል በዶክዩመንት ራይት ይጽፍበታል፣ ከዚያ የአይፍሬሙን ፕሪንት ይጠራል። ዋናው ገጽ ሳይነካ ደረሰኙ ብቻ እንዲታተም የሚደረግ የተለመደ ዘዴ ነው። የረሳሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተፈጠረውን አይፍሬም ማንም አያጠፋውም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ራይት ካልኩ በኋላ ክሎዝ አላልኩም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። ዶክዩመንት ራይት ተጽፎ ባለቀ ገጽ ላይ ሲጠራ ብራውዘሩ በራሱ ዶክዩመንት ኦፕንን ይጠራል። ያ ማለት አሮጌው ይዘት ይጠረግና አዲስ መጻፊያ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ብራውዘሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውዬው እየጻፈ ነው። አንድ መስመር ይጻፍ ሺህ መስመር፣ መጨረሱን የሚያውቀው ክሎዝ ሲባል ነው። ክሎዝ ካልተባለ ዶክዩመንቱ ተከፍቶ የቀረ በር ነው። ጽሑፉ ይታያል፣ ይታተማልም፤ ኤች ቲ ኤም ኤሉን የሚያነበው ክፍል ግን «ቀጣዩስ?» እያለ ይጠብቃል። ኔትወርክ ላይ የሚታይ ነገር የሌለውም ለዚህ ነው። የሚጠበቀው ሰርቨሩ ሳይሆን የእኔው ጃቫስክሪፕት ነው።

እርግጠኛ ለመሆን እያንዳንዱን ፍሬም ጠየቅኩ። ኮንሶል ላይ አይፍሬሞቹን በሙሉ በኩዌሪ ሴሌክተር ኦል አምጥቼ፣ የእያንዳንዱን ኮንቴንት ዶክዩመንት (በውስጡ ያለውን ዶክዩመንት) ሬዲ ስቴት፣ ማለትም የመጫን ሁኔታውን አሳተምኩ። ሬዲ ስቴት ሦስት መልስ ብቻ አለው፦ ሎዲንግ፣ ኢንተርአክቲቭ፣ ኮምፕሊት። ዋናው ገጽ ኮምፕሊት አለ። አሥራ ሰባቱም አይፍሬሞች ሎዲንግ አሉ። አንዳቸውም አልጨረሱም ነበር።

አንድ የሚያደናግር ነገር ነበረ። የአይፍሬሞቹን አድራሻ ሳይ ሁሉም የዋናውን ገጽ አድራሻ ነበር የያዙት። ለአፍታ ገጹ ራሱን በራሱ ውስጥ አሥራ ሰባት ጊዜ የከፈተ መሰለኝ። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ዶክዩመንት ኦፕን ሲጠራ የሚከፈተው ዶክዩመንት የጠሪውን ገጽ አድራሻ ይወስዳል። እናንተም ብታዩት አትደንግጡ። እንዲያውም ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ባዶ መሆን የነበረበት አይፍሬም የእናት ገጹን አድራሻ ከያዘ በራይት የተጻፈ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። (እናት ገጽ የምለው አይፍሬሙን የያዘውን ገጽ ነው።)

እዚያው ኮንሶል ላይ ለአሥራ ሰባቱም ክሎዝ አልኩላቸው። ነጥቧ ቆመች። «ኤክሱ» ወደ ቀድሞው ቁልፍ ተመለሰ። ሴትየዋ «ምን አደረግከው?» ያሉኝ መስሏችሁ ይሆናል፤ ያሉኝ ግን «አሁን ልቀጥል?» ነው።

ኮዱን ሳስተካክል ክሎዝ ጨምሬ ብቻ አልተውኩትም። ክሎዝ ሲባል የአይፍሬሙ ሎድ ኢቨንት፣ ማለትም «ተጭኜ ጨርሻለሁ» የሚለው መልእክት ይመጣል። ፕሪንትን መጥራት ያለብን ከዚያ በኋላ ነው፤ ካልሆነ ደረሰኙ ላይ ያለው አርማ ሳይደርስ ወረቀቱ ሊወጣ ይችላል። ከታተመ በኋላ ደግሞ አፍተር ፕሪንት የሚለውን ኢቨንት ጠብቆ አይፍሬሙን ማስወገድ ነው። ዛሬ ይህንን ኮድ እንደ አዲስ ብጽፈው ራይትን ጭራሽ አልነካውም። ሰርስዶክ የሚባለው የአይፍሬም አትሪቢዩት አለ፤ ኤች ቲ ኤም ኤሉን በአንድ ጊዜ ትሰጡታላችሁ፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብራውዘሩ ራሱ ያውቃል። የሚዘነጋ ክሎዝ የለም።

ስታስወግዱ አንድ ጥንቃቄ አለ። አይፍሬሙን በራሱ ሎድ ኢቨንት ውስጥ፣ እዚያው በቅጽበት አታጥፉት። በተለይ በቀድሞዎቹ የፋየርፎክስ ቨርዥኖች እንዲህ ሲደረግ ብራውዘሩ መጨረሱን ሳይመዘግብ ፍሬሙ ስለሚጠፋበት ምልክቱ ሳይቆም ይቀር ነበር። በሴት ታይም አውት ዜሮ ሚሊሰከንድ ሰጥታችሁ ቀጣዩ ዙር ላይ አጥፉት። በድሮ የፋይል መስቀያ ላይብረሪዎች ውስጥ አይፍሬም ከመወገዱ በፊት ያለምክንያት የሚመስል ትንሽ መዘግየት ካያችሁ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሄው ነው። አላስፈላጊ መስሏችሁ እንዳታወጡት።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ ይህ ምልክት የሚያስቸግረው ሰው ሲያጋጥመኝ አብሬ እቀመጣለሁ። ያየኋቸው ሌሎች ጉዳዮች መልካቸው ይለያያል።

አንዱ ሰርቨሩ በሩን ሳይዘጋ ሲቀር ነው። የአንድ ጓደኛዬ አፕሊኬሽን ሪፖርት የሚያወርደው በተደበቀ አይፍሬም ነበር። ሪፖርቱ ይመጣል፣ አይፍሬሙ ግን አይጨርስም። እዚህ ኔትወርክ ክፍሉ ተናገረ፤ ጥያቄው ምላሽ እየተቀበለ እንደሆነ ያሳያል፣ ጊዜው ይቆጥራል፣ አያልቅም። ሰርቨሩ የምላሹን መጠን በኮንቴንት ሌንግዝ ካሳወቀ በኋላ ሌላ ክፍል ይዘቱን በጂዚፕ ይጨምቀው ነበር። የተነገረው መጠን ትልቅ፣ የመጣው ትንሽ። ብራውዘሩ ቃል የተገባለትን ቀሪ ባይት ይጠብቃል፣ ግንኙነቱም ክፍት ስለሆነ ሰርቨሩ ራሱ እስኪሰለች ድረስ ይቀመጣል። መፍትሔው መጠኑን ከተጨመቀ በኋላ ማስላት፣ ወይም ኮንቴንት ሌንግዙን ትቶ ሰርቨሩ በቁራጭ እንዲልክ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ክሮም አንድ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ታቡ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ አስተውሏት። የመጀመሪያውን ምላሽ ገና እየጠበቀች ሳለ ግራጫ ሆና ወደ ኋላ፣ ማለትም ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ትዞራለች። ምላሽ መምጣት ሲጀምር ሰማያዊ ሆና ወደ ፊት ትዞራለች። ወደ ኋላ እየዞረች ከቀረች ሰርቨሩ ገና መልስ አልጀመረም። ወደ ፊት እየዞረች ከቀረች መልሱ ጀምሮ አላለቀም። ሁለቱ የሚመረመሩበት ቦታ የተለያየ ነው። ከስክሪኑ ግርጌ በስተግራ ብቅ የምትለውን ጽሑፍም አትናቋት፤ የትኛውን አድራሻ እየጠበቀ እንደሆነ ትናገራለች።

ስለ ማውረድ ካነሳሁ አይቀር፣ ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። ሰርቨሩ ፋይሉን «አታችመንት ነው» ብሎ ሲልከው አይፍሬሙ ውስጥ አዲስ ዶክዩመንት አይከፈትም፤ ፋይሉ ወደ ዳውንሎድ ይሄዳል። ስለዚህ የአይፍሬሙን ሎድ ኢቨንት ብትጠብቁ ላይመጣላችሁ ይችላል። 204 የሚል ባዶ ምላሽ ሲመጣም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የራሱን «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል መጋረጃ ለማንሳት ያንን ኢቨንት ይጠብቅና መጋረጃው ተጋርዶ ይቀራል። ተጠቃሚው «አሁንም ይዞራል» ሲላችሁ የቱን እንደሚል ጠይቁ፤ የታቡን ምልክት ወይስ እናንተ የሠራችሁትን? መጋረጃው ከሆነ ፋይሉን በፌች አምጥቶ በብሎብ (ብራውዘሩ ራሱ ጋ በተያዘ ፋይል) መስጠት ይሻላል። ፋይሉ በጣም ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ ከምላሹ ጋር አንዲት ኩኪ ይላክና ገጹ እሷን እያየ መጋረጃውን ያንሳ።

ሌላው በየጥቂት ደቂቃው ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ነው። ገጹ ክፍት ነው፣ ማንም አልነካውም፣ ድንገት ታቡ መጫን ይጀምርና ያቆማል። ይህንን የነገረኝ ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ሰግቶ ነበር። ሰዓት ይዘን ቆጠርን። ልዩነቱ ሁልጊዜ እኩል ነበር። እኩል ልዩነት ካለ ታይመር አለ ማለት ነው። ያገኘነው የመግቢያ ቶክኑን (ተጠቃሚው መግባቱን የሚያረጋግጠውን ምስጢራዊ ጽሑፍ) በስውር የሚያድስ ላይብረሪ ነበር። ቶክኑ ሊያልቅ ሲል የተደበቀ አይፍሬም ይከፍታል፣ የመግቢያ ሰርቨሩን «ፕሮምፕት ነን» ብሎ ይጠይቃል፣ ማለትም «ሰውየውን ሳታስቸግር አድስልኝ» ይላል። በደህናው ቀን ብልጭታው ጉዳት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ብራውዘሩ የሌላ ድረ ገጽ ኩኪዎችን ሲያግድ ነው። ያኔ የመግቢያ ሰርቨሩ ሰውየውን አያውቀውም፣ እድሳቱ አይሳካም፣ በደንብ ያልተጻፈ ኮድ ደግሞ መልሶ መላልሶ ይሞክራል። ብልጭታው እረፍት ያጣል። እኛ ወደ ሪፍሬሽ ቶክን፣ ማለትም አዲስ ቶክን ወደሚያስገኝ ሌላ ቶክን ቀየርነው። እሱ በፌች ስለሚሄድ ታቡን አይነካውም።

እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ የአይፍሬም ሎድ ኢቨንት መጣ ማለት ተሳካ ማለት አይደለም። ገጹ በፍሬም ውስጥ እንዳይከፈት በኤክስ ፍሬም ኦፕሽንስ ቢታገድም፣ በቦታው የስህተት ገጽ ተጭኖ ኢቨንቱ ሊመጣ ይችላል። እውነተኛው መልስ በፖስት ሜሴጅ (ፍሬሞች እርስ በርስ መልእክት በሚላላኩበት መንገድ) ይምጣላችሁ፣ እስከዚያ ድረስ የራሳችሁን የጊዜ ገደብ አስቀምጡ። ገደቡ ሲያልፍ አይፍሬሙን አስወግዱት። የተወገደ አይፍሬም መጫኑን ያቆማል።

ከውጭ ስለሚመጡ ስክሪፕቶች ደግሞ በአጭሩ። የቻት ሳጥን፣ የማስታወቂያ ወይም የቆጠራ ስክሪፕት ስታስገቡ፣ እነሱም የራሳቸውን የተደበቀ አይፍሬም ሊያስገቡ ይችላሉ። ዋናው ገጽ ገና እየተጫነ ሳለ ከገቡ የዋናው ገጽ ሎድ ኢቨንት እነሱን ይጠብቃል። የእነሱ ሰርቨር ቢንቀራፈፍ የእናንተ ገጽ «አልጨረሰም» ይባላል። እኛ ጋ ይህ መጀመሪያ የታየው በሰው ዓይን አይደለም። አውቶማቲክ ቴስቶቻችን ተንጠልጥለው ቀሩ። ዌብድራይቨር (ቴስቶቹ ብራውዘሩን የሚያዙበት መሣሪያ) ካልተነገረው በስተቀር ገጽ ተጭኖ እስኪያልቅ 300 ሰከንድ ይጠብቃል። አንድ ቴስት አምስት ደቂቃ ቆሞ ሲወድቅ፣ የወደቀው የእኛ ኮድ አልነበረም፤ ማንም የማያየው የሌላ ሰው ፍሬም ነው።

እንዲህ ሲሆን ተጠርጣሪውን ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ ማገድ ነው። ኔትወርክ ክፍል ውስጥ ጥያቄው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ያንን አድራሻ ማገድ ትችላላችሁ። አግዳችሁ ገጹን እንደገና ክፈቱ። ምልክቱ ቶሎ ከቆመ አገኛችሁት። መፍትሔው ስክሪፕቱን ከዋናው ገጽ ሎድ ኢቨንት በኋላ ማስገባት ነው። ለሚታዩ አይፍሬሞች ደግሞ «ሎዲንግ ሌዚ» የሚለው አትሪቢዩት አለ፤ ተጠቃሚው ወደ ቦታው እስኪጠጋ አይጫኑም፣ የገጹንም ሎድ ኢቨንት አይዙም።

አንዳንዴ ፍሬሙን ታገኙታላችሁ፤ ማን እንደፈጠረው ግን አታውቁም። ስም የለው፣ አድራሻ የለው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ኤለመንትስ ክፍል ውስጥ ቦዲ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ፣ በውስጡ ለውጥ ሲኖር እንዲቆም ብሬክፖይንት አስቀምጣለሁ። አይፍሬሙ ሲገባ ኮዱ እዚያው ይቆማል፣ ኮል ስታኩ ላይ የጠራውን ፋይልና መስመር አነባለሁ። ገጹ ብዙ የሚቀያየር ከሆነ ይህ በየሰከንዱ እየቆመ ያሰለቻል። ያኔ ክሪኤት ኤለመንት የሚለውን ፈንክሽን ለጊዜው በራሴ እሸፍነውና፣ «አይፍሬም» ሲጠየቅ ብቻ ኮንሶል ትሬስ እንዲያትም አደርጋለሁ። ከሌላው ስክሪፕት ሁሉ በፊት መሮጥ አለበት፤ ካልሆነ ሌባው ከወጣ በኋላ በር መቆለፍ ነው።

ፍሬሞቹን ስትቆጥሩም ሁለት ነገር ልብ በሉ። በሻዶው ዶም፣ ማለትም ከቀረው ገጽ ተለይቶ በተከለለ ክፍል ውስጥ ያለ አይፍሬም በኩዌሪ ሴሌክተር ኦል አይወጣም፤ ስለዚህ ዜሮ ስላላችሁ ብቻ የለም አትበሉ። ክሮም ውስጥ አፕሊኬሽን የሚለው ክፍል ከታች የፍሬሞችን ዛፍ ያሳያል፣ ከዚያ ጋር አስተያዩት። ሁለተኛ፣ ከሌላ ድረ ገጽ የመጣ አይፍሬም ከሆነ ኮንቴንት ዶክዩመንቱን ብትጠይቁ ነል (ምንም የለም) ይላችኋል። ይህ ስህተት ሳይሆን የደህንነት አጥር ነው። የእሱን ሁኔታ ለማየት ኮንሶሉን ራሱ ወደዚያ ፍሬም ማዞር ይቻላል፤ ከላይ «ቶፕ» የሚል መምረጫ አለ፣ ከዚያ ፍሬሙን መርጣችሁ ሬዲ ስቴቱን ጠይቁ።

ዊንዶው ስቶፕ የሚባለውንም ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት ያዘዋል። እውነት ነው፣ ምልክቱን ያቆማል። ግን በመንገድ ላይ ያሉትን ሌሎች ጥያቄዎችም አብሮ ሊያቋርጣቸው ይችላል። ተጠቃሚው በዚያች ሰከንድ ፎርም እያስቀመጠ ቢሆንስ? ለምርመራ እጠቀምበታለሁ፤ ተጠቃሚ ጋ በሚደርስ ኮድ ውስጥ አላስገባውም።

የቆየ ኮድ ውስጥ ይህ ሁሉ የተደበቀ አይፍሬም ለምን እንደበዛ የሚገርማችሁ ካላችሁ፣ ያኔ የሚሻል አልነበረም። ገጹ ሳይታደስ ፋይል ለመስቀል የነበረው መንገድ ፎርሙን ወደ ተደበቀ አይፍሬም መላክ ነበር። ፋይልን በጃቫስክሪፕት ለመላክ የሚያስችለው ፎርም ዳታ የመጣው በኋላ ነው። ሰርቨሩ ዜና በመጣ ቁጥር ለገጹ እንዲነግር ለማድረግም የማያልቅ አይፍሬም ይከፈት ነበር፤ ሰርቨሩ ምላሹን ሳይዘጋ በየጊዜው ስክሪፕት እያከለ ይልካል። 2006 ላይ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ኮሜት የሚል ስም ያወጣለት አሌክስ ራስል ነው። የማያልቅ አይፍሬም ደግሞ የማያልቅ የመጫን ምልክት ነው። የጂሜል ቻት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ይህንን ያመለጠው ኤች ቲ ኤም ኤል ፋይል በሚባል የአክቲቭ ኤክስ (የማይክሮሶፍት ተጨማሪ ቴክኖሎጂ) ዕቃ ውስጥ አይፍሬሙን በመደበቅ ነበር፤ ዕቃው ከመስኮቱ ውጪ ስለሆነ ምልክቱ አይበራም። ዛሬ ዌብሶኬትና ኢቨንት ሶርስ ስላሉ ያንን የሚያስፈልገው የለም። ግን አሁንም አንዳንድ ሲስተም ውስጥ ያ አይፍሬም ሲሠራ አገኘዋለሁ። ካገኛችሁት ሌላም ጉዳት እንዳለው እወቁ። በኤች ቲ ቲ ፒ 1.1 ብራውዘር ወደ አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ የሚከፍተው ስድስት ግንኙነት ነው። ተጠቃሚው ገጹን በስድስት ታብ ቢከፍት ስድስቱም በማያልቁ አይፍሬሞች ይያዛሉ፣ ሰባተኛው ታብ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ደረሰኙ ልመለስና ላብቃ። ማስተካከያውን ከጫንኩ በኋላ እንደገና ሄጄ ከዚያችው ወንበር ጀርባ ቆምኩ። ሴትየዋ አንድ ደረሰኝ አተሙ። በልማድ እጃቸው ወደ ጭናቸው ሊመለስ ሲል ታቡን አዩት። ነጥቧ የለችም። የሚቀጥለውን ስም መጻፍ ጀመሩ።

ወንበሬ ጋ ስመለስ መላውን ኮድ «ዶክዩመንት ራይት» ብዬ ፈለግኩት። አራት ሌላ ቦታ ወጣ። ሁለቱ ክሎዝ የላቸውም ነበር፤ አንደኛው የወር ሪፖርት፣ ሌላው የመታወቂያ ካርድ ማተሚያው። በዚያው ቀን ሁለቱንም ወደ ሰርስዶክ ቀየርኳቸው፣ ከዚያ ፋየርፎክስን ከፍቼ አንድ በአንድ አተምኩባቸው።